በደጅ ላይ ጎማ ስለ መቀየር

የሰው ልጅ በገዛ ደጁ ከሚፈጽማቸው ሥራዎች መካከል፣ አጥር ከማጠርም ሆነ ጣራ ከመክደን ይልቅ፣ ሠሪውን ከግል ኑሮው አውጥቶ በአንድ ጊዜ የአደባባይ ሰው የሚያደርገው የተነፈሰ ጎማ መቀየር ነው። አጥር የሚያጥረውን ሰው መንገደኛው «በርታ» ብሎት ያልፋል፤ ጣራ የሚከድነውንም ቀና ብሎ አይቶ «እንዳትወድቅ» ይለውና መንገዱን ይቀጥላል፤ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከጎኗ የተንበረከከውን ሰው ግን ቆሞ ሳይመለከት፣ ተመልክቶም ሳይመክር፣ መክሮም ምክሩ መፈጸሙን ሳያረጋግጥ የሚያልፍ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን ነገር ለመመርመር የሚፈልግ ሰው በቅዳሜ ጧት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች ወደ አንዱ ብቅ ቢል ድካሙ ከንቱ አይሆንበትም። መንገዱ ዳገት ነው፤ ንጣፉ ኮብልስቶን ነው፤ ከኮብልስቶኑም አንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣልቶ ብቻውን ቀና ብሎ የቆመ ነው። በዚህ ዳገት መካከል፣ ደልዳላ ደጅ ከታደሉት ጥቂት ቤቶች በአንዱ፣ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ጎረቤቴ መምህር ይኖራሉ፤ ሌሊቱን በደጃቸው ያደረችው መኪናቸው በስተ ኋላ በኩል ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ቆማ ያገኟታል። «ጎማው ተኝቷል!» ይላሉ ልጆቹ፣ እሳቸው ሳያዩት በፊት። መምህሩ ኮታቸውን አውልቀው በአጥሩ ላይ ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የኋላውን ክዳን ከፍተው ክሪኩን ከመሬት ላይ ሲጥሉት የሚሰማው የብረት ድምፅ ለሰፈሩ ሁሉ በቂ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ለመጥራት ደወል አያስፈልግም።

ነገር ግን ወደ ጉባኤው ከመግባታችን በፊት ጎማው ስለ ምን እንደ ተነፈሰ መጠየቅ ይገባናል፤ መንሥኤውን ትቶ ውጤቱን ብቻ መተረክ የሊቃውንት ልማድ አይደለምና። በከተማችን የጎማ ቀንደኛ ጠላት ሚስማር ነው፤ ሚስማሩ የሚፈሰው ከሕንጻ ሥራ ነው፤ ሕንጻው የሚሠራው በእንጨት መወጣጫ ነው፤ መወጣጫው የሚመታው ከባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ባሕር ዛፉም የወረደው፣ ሩቅ ሳንሄድ፣ ከዚሁ ከራስጌያችን ካለው ተራራ ነው። የእንጦጦ የቀድሞ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጨት እጦት ምክንያት መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው በነበረበት ዘመን፣ ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ይህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ገብቶ ተተከለና ከተማዋን ከመፈታት አዳናት። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት ሥልጣኔ ወዳድ ነበሩና፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ በደስታ ተቀብለው ራሳቸው ተሳፈሩባት። እንግዲህ አንባቢ ይመልከት፤ በአንድ ንጉሥ ዘመን ወደ አገራችን የገቡት ሁለት ባዕዳን፣ ዛፉና መኪናው፣ ከመቶ ዓመት በላይ አንዱ በተራራ፣ አንዱ በመንገድ ተለያይተው ከኖሩ በኋላ፣ በአንድ ዝገታም ሚስማር አማካይነት በመምህሩ ደጅ ላይ ተገናኙ። ከዚህ የሚበልጥ የታሪክ ቅንብር በጎማ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ጥፋቱን ሁሉ በሚስማሩ ላይ መጫን ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ጎማ ድፍን ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሚስማር ምን ያደርገው ነበር? ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1839 ካውቹኩን ከድኝ ጋር በእሳት አዋሕዶ፣ በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድም የማይሰነጠቅ አደረገው፤ ለድካሙም ዋጋ በ1860 በዕዳ እንደ ተዘፈቀ ሞተ፤ በስሙ የሚጠራው ታላቅ የጎማ ኩባንያ የተመሠረተው እሱ ካረፈ በኋላ በ1898 ሲሆን፣ ከስሙ በቀር ከቤተ ሰቡ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ነፋሱን ያስገባው ደግሞ በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። በ1888 ልጁ በባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ ሲሄድ መንገዱ እንዳይነቀንቀው ብሎ በብስክሌቱ እግሮች ዙሪያ በነፋስ የተሞላ የጎማ ቱቦ አለበሰለት። የአባት ርኅራኄ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ነፋስ የሚገባበት ዕቃ ሁሉ ነፋስ የሚወጣበት መሆኑን የዘነጋው ዓለም ተቀያሪ ጎማን ለማሰብ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በዌልስ አገር ላኔሊ በምትባል ከተማ የነበሩ ወንድማማቾች በ1904 ተቀያሪ እግር ሠርተው መሸጥ እስኪጀምሩ ድረስ ባለ መኪናው በመንገድ ዳር ተቀምጦ የገዛ ጎማውን ሲለጥፍ ይውል ነበር። የእኛ መምህር ከዚያ ትውልድ ስላልሆኑ ዕድለኛ ናቸው።

አሁን ወደ ጉባኤው እንመለስ። በመጀመሪያ የደረሰው፣ ዕድሜውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሰ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ በጡረታ ስላለ ከእንደዚህ ያለው ቀን በቀር ሥልጣን የለውም። ቀጥሎ በሰፈሩ ባጃጅ የሚነዳው ወጣት፣ የግንበኞቹን ዕቃ የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ መሪጌታ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ሕፃናትም መጡ። የክርክሩ የመጀመሪያ አንቀጽ ቡሎኑ መኪናዋ ሳትነሣ ይላላ ወይስ ከተነሣች በኋላ የሚለው ነበር። ሹፌሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ አንድምታ መምህር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

«መምህር፣ ጎማው መሬት ሳይለቅ ቡሎኑን ያላሉ። ስለ ምን ቢሉ፣ መሬት የያዘ ጎማ አይዞርምና። አንድም፣ ሰው መፍቻው ላይ ክብደቱን ሲጥል በክሪክ ላይ ያለች መኪና ትወድቃለችና።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ ባጃጇን በጎኗ ጋደም አድርገን አይደል እንዴ የምንቀይረው!» አለ ወጣቱ፤ የመምህሩን መኪና በጎኗ ስለ ማጋደም ግን የደገፈው አልተገኘም። ዘበኛው ናፍጣ ቀባ ቀባ ቢደረግበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሹፌሩ ዘይትና ናፍጣ ከፍሬን አጠገብ ምን እንደሚሠሩ በአሰብ ቁልቁለት ምሳሌ አስረድቶ ዝም አሰኘው። በዚህ መካከል ነጠላ ያጣፉት እናት ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ አነሡ። «አባታችን፣ በቀዳሚት ሰንበት ቡሎን መፍታት ይፈቀዳል?» መሪጌታው ጎማውን አዩት፣ መምህሩን አዩዋቸው፣ በሰንበት ቀን ጕድጓድ የገባ በሬ ስለ ማውጣት በወንጌል የተነገረውን አስታውሰው፣ መኪናም ላላት ሰው ከበሬ እንደማታንስ በየኑ። ሥራውም በቀኖና ተደግፎ ተጀመረ።

መምህሩ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ መኪናዋን በማርሽ አስረው፣ ሹፌሩ ራሱ መርጦ ያመጣውን ድንጋይ በፊተኛው ጎማ ሥር ታኮ አደረጉ። ከዚያ መፍቻውን በመጀመሪያው ቡሎን ላይ አስገብተው፣ እጀታውን ወደ ግራ አግድመው፣ በቀኝ እግራቸው ተረከዝ ቀስ ብለው ረገጡት፤ አልሄደም። ደግመው ረገጡት፤ መፍቻው ጎበጥ ያለ መሰለ። «ጋሼ፣ እኔ ልርገጥልዎት» አለ ወጣቱ፤ «ተወኝ ልጄ» አሉት። በሦስተኛው፣ በአጥሩ ተደግፈው መላ ሰውነታቸውን ሲያሳርፉበት፣ ከብረቱ ውስጥ አጭርና ደረቅ «ጢቅ» የሚል፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ወጣና መፍቻው እሩብ ዙር ወረደ፤ ከቡሎኑም ሥር ቀይ የዝገት ዱቄት በቸርኬው ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ሌሎቹ ቡሎኖች የወንድማቸውን መሸነፍ አይተው ይሁን አላውቅም፣ ብዙ አላስቸገሩም።

ክሪኩ በጣውላ ላይ ተቀመጠ፤ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ክሪክ መኪናዋን ማንሣቱን ትቶ ራሱ ወደ መሬት ይገባልና። ከመኪናዋ ወገብ በታች ለክሪክ ተብሎ የጠነከረውን ቦታ ያገኘው በሆዱ ተኝቶ ያጮለቀ አንድ ሕፃን ነው፤ እናቱ ግን ስለ ግኝቱ ሳይሆን ስለ ሸሚዙ ነበር የጮኸችበት። መኪናዋ ቀስ በቀስ ቀና አለች፤ የተኛው ጎማ ወለቀ፤ ሹፌሩም ወለቅ ያለው ጎማ ወዲያው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ጋደም እንዲል አዘዘ፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ የምታርፈው በጎማው ላይ እንጂ በሰው እግር ላይ እንዳይሆን ነው። ከጧት ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ይህን አንዱን እንኳ አንባቢ ቢይዝለት አሰብ ድረስ የተመላለሰበት ዘመን በከንቱ አላለፈም።

ያን ጊዜ ነው ስኮርታው የወጣው። ይህች ጎማ መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ፀሐይ አይታ አታውቅም፤ በላይዋ ያረጀ ምንጣፍ፣ የተቀደደ ጃንጥላና የሁለት ክረምት አቧራ ተከምሮባት ኖራለች። ወጣቱ አውጥቶ መሬት ላይ ሲጥላት መንጠር ሲገባት ዝም ብላ ተቀመጠች። በአውራ ጣቱ ቢጫናት ጣቱ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ መሪጌታው ብቻ «እግዚኦ» አሉ። መቼም የአገራችን ሰው መምከር ብቻ ሳይሆን መርዳትም ያውቃልና፣ ወጣቱ ሮጦ ከባጃጁ በእግር የሚነፋ መንፊያ አመጣ፤ ሕፃናቱም በተራ እየረገጡ፣ በተራውም ላይ እየተጣሉ ነፏት። ቡሎኖቹ በእጅ ገብተው፣ መኪናዋ ወርዳ፣ የመጨረሻው ማጥበቅ ሲደርስ ሹፌሩ ጎን ለጎን የተቀመጡትን በተከታታይ ማጥበቅ ቸርኬውን እንደሚያዛባ፣ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ በመስቀል ቅርጽ ማጥበቅ እንደሚገባ ተናገረ። መሪጌታው በዚህ እጅግ ደስ ተሰኙ።

እዚህ ላይ አንድ የማውቀው ክፉ ወሬ አለ፤ ጎማውን ራሱ የሚቀይር ሰው የጎሚስታውን እንጀራ ይሻማል የሚል ነው። ሐሰት ነው። በደጅ የሚሠራው የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው፤ የተበሳው ጎማ ዞሮ ዞሮ፣ በሰቀለው አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ ከጻፈው ከዚያ ሰው ዘንድ መድረሱ አይቀርም። እኔ ጎሚስታ ሲሠራ መመልከት እወዳለሁ። ካላማዳሪውን ነፍቶ በተቈረጠ በርሜል ካለው ጥቁር ውኃ ውስጥ ክንዱ እስኪረጥብ ይነክረውና፣ ዙሪያውን ቀስ እያለ ሲያዞረው፣ ከአንድ ቦታ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረፋ እየተከታተለች ወደ ላይ ትወጣለች። እሷን ሲያይ አይናገርም፤ ጣቱን ከቀዳዳው ላይ አድርጎ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ በጠመኔ ይከባታል። ከዚያ ቦታውን ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ማስቲሹ ጠፈፍ እስኪል ይጠብቃል፤ ባለ መኪናው ደግሞ «ገና ነው?» እያለ ይነዘንዛል። ማስቲሽ በጥድፊያ የማይገዛ መሆኑን ከጎሚስታ በቀር የሚያስተምር ሰው በከተማችን አላውቅም። በመጨረሻም ያወጣውን ሚስማር በመዳፉ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቺውና!» ብሎ ያሳያል፤ ባለ መኪናውም ሚስማሯን ከትንሽነቷ የተነሣ አያምናትም።

ጎማውም ቢሆን ለመለጠፍ ከማይበቃበት ደረጃ ሲደርስ ከሰው አይለይም። የሰፈሩ ልጅ በዱላ እየመታ ቁልቁል ይነዳዋል፤ ይህም ለብዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ መኪናቸው ነው። ሌላው ተቀድዶ በረባሶ ይሆናል። የካላማዳሪው ቅዳጅ ጭነት ያስራል።

ይህ ሁሉ ድካም በደጅ ላይ ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ቢኖር ቀና ብሎ ተራራውን ይመልከት። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ከተከፈተ ወዲህ በዕረፍት ቀን ወደዚያ የሚወጣው መኪና ቀላል አይደለም፤ ከዚህ ቀደም የእንጦጦ ማርያምና የቅዱስ ራጉኤል ተሳላሚ፣ ጸበልተኛና እንጨት ለቃሚ ብቻ የሚያውቀው ዳገት ዛሬ ቡና ለመጠጣት፣ ፈረስ ለመጋለብና ፎቶግራፍ ለመነሣት በሚወጡ ቤተ ሰቦች ይጨናነቃል። ሚስማርም ሆነ ሹል ድንጋይ ይህን ደስታ አይቶ አይራራም። በዚያ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ባለፈው ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ የሚቸገረው ጎማው ሳይሆን መፍቻውን የሚረግጠው ሰው ነው፤ ሁለት ቡሎን ሳያላላ ከጎኑ ተቀምጦ ይተነፍሳል፤ ሯጮቻችን ግን ይህንኑ ቀጭን አየር ፈልገው በአጠገቡ እየሮጡ ያልፋሉ፤ የእንጨት ሸክም ያዘሉ እናቶችም ቁልቁል ሲወርዱ በአዘኔታ ዐይን ያዩታል፤ ሸክማቸው ከመኪናው ስኮርታ በእጅጉ የሚከብድ ሲሆን፣ አዘኔታው ግን ከእነሱ ወደ እሱ ነው።

በዚያ ላይ ቁልቁለቱ አለ። ከእንጦጦ ወርዶ ፍል ውኃ አጠገብ መስፈርን የጀመሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቈረቈረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታኮ ሳያደርግ በተራራው ላይ ክሪክ የሚያነሣ ሰው መኪናውን በእቴጌይቱ ፈለግ ወደዚያው ይሰዳታል። የገጠር መንገድ ሹፌሮች ይህን ስለሚያውቁ ከኋላም ከፊትም ድንጋይ ይደረድራሉ፣ የዛፍ ቅርንጫፍም ቈርጠው በመንገዱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ጎማውን ቀይረው ሲሄዱ ድንጋዩን እዚያው ጥለውት መሄዳቸው ብቻ ነው የሚያስነቅፋቸው፤ የአንዱ ታኮ የሌላውን ጎማ ሲያፈነዳ አይቻለሁና።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ ጣጣ ያድናሉ የሚሉ አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ሰፈራችን ድምፅ በሌላቸው መኪኖች እየተሞላ ነው። ባትሪያቸው ግን ከባድ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያው ጎማ ነው፤ ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ስኮርታ የሚባል ነገር የላቸውም፤ በስኮርታው ፈንታ ትንሽ መንፊያና በቀዳዳው ላይ የሚደርቅ ፈሳሽ በጠርሙስ ይሰጣቸዋል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ተራራው ላይ ነው። ጡረተኛው ሹፌር ይህን በሰማ ጊዜ ለረዥም ሰዓት ሳይናገር ቆይቶ «ታዲያ ረዳቱ ምን ሊሠራ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መኪና ካለህ በሚመጣው ቅዳሜ፣ ጎማህ ደኅና ሳለ፣ በደልዳላው ደጅህ ላይ የኋላውን ክዳን ክፈት። ስኮርታ እንዳለህ እይ፤ ካለህም በአውራ ጣትህ ሳይሆን በመለኪያ ነፋሷን አስለካት። መፍቻው ከቡሎኑ ጋር መግጠሙን ሞክር፤ አንዱን ቡሎን ፈትተህ መልሰህ አጥብቀው። ይህን ስታደርግ ጎረቤቶችህ መምጣታቸው አይቀርም፤ አትቈጣቸው፤ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አውጣላቸው።